ሃምሳ ቀን ቀርቶት ነበር

በዚህ ክረምት የአባቴ ሰው ሠራሽ እግር መርገጫው ላይ ተሰነጠቀ። አዲስ እስኪሠራለት ወረፋ መጠበቅ ነበረበት። እስከዚያው ከባጃጅ ከመነዳሪ ቁራጭ ቆርጦ፣ በማጣበቂያ ለጥፎ፣ በሲባጎ አስሮ ይሄድበት ጀመር። የሐዋሳን የክረምት ጭቃ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የእኛ ቤት ደግሞ ከአስፋልቱ ገባ ይላል። ዝናብ ሲጥል ሁለት ደህና እግር ያለውንም ሰው ያንሸራትተዋል። እኔም ማታ ማታ ስልኬን ይዤ የመርገጫ ዓይነት ስፈልግ አመሻለሁ። ከምን ይሠራሉ? ስንት ያወጣሉ? ለረጅም ጊዜ የሚያገለግለው የቱ ነው?

አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ያገኘሁት እንዲህ ስፈልግ ነው። የስፖርት ልብስ የለበሰ ወጣት ነው። ከቀኝ ጉልበቱ በታች ያለው እግር የራሱ አይደለም። ስሙ በርት ሼፐርድ ይባላል። አሜሪካዊ የቤዝቦል ተጫዋች ነበር። በትልቁ ሊግ የተሰለፈው በዕድሜው ሙሉ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ሐምሌ 28 ቀን 1937 ዓ.ም.። በፈረንጆቹ ኦገስት 4 ቀን 1945 ማለት ነው። (ቀኖቹን ከዚህ በኋላ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ለአባቴም እንደዚያ ነበር የማነብለት።)

ስልኩን ለአባቴ ሰጠሁት። መነጽሩን አደረገ። ፊቱን አላየም፤ ቀጥታ እግሩን ነው ያየው።

«ምንድን ነው የሚጫወተው?»

«ቤዝቦል።»

«እሱን አላውቀውም። ምን ያደርጋሉ?»

«አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። ይሄ የሚወረውረው ነው።»

«በየትኛው እጁ?»

ወደ ታች ወርጄ አነበብኩ። በግራው ነው።

አባቴ ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠው። «በግራው የሚወረውር ሰው የሚያርፈው በቀኙ ነው» አለ። «ይሄ ልጅ በሌለው እግሩ ላይ ነው የሚያርፈው።»

ይህን ጥያቄ ያለ ምክንያት አልጠየቀም። አባቴ በ1980ዎቹ እዚሁ ሐዋሳ፣ በአንድ የሠራተኞች ቡድን ውስጥ የግራ መስመር ተጫዋች ነበር። ሰፈር ውስጥ ዛሬም ድረስ «ግራኙ» ነው የሚባለው። ጦርነቱ በግንቦት 1990 ሲጀመር ዘመተ። በ1991 ባድመ ግንባር ላይ ፈንጂ ረገጠ። ቀኝ እግሩ ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ሊጠይቁት የመጡ ሰዎች «ተመስገን በል፣ ግራህ ተርፏል» ይሉት እንደነበር እናቴ ነግራኛለች። ለማጽናናት ነው፣ ክፋት አልነበራቸውም። ግን ኳስ የመታ ሰው ያውቀዋል። ግራው ይመታል እንጂ ሰውየውን የሚሸከመው ቀኙ ነው። ኳሷ አጠገብ ቀኝህን ትተክላለህ፣ መላ ሰውነትህ እሱ ላይ ይመጣል፣ ከዚያ ነው ግራህ የሚወነጨፈው።

ስለዚህ የሼፐርድን ታሪክ በሦስት ማታ፣ ከእራት በኋላ አነበብኩለት። እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ ነበር የምነግረው።

ሼፐርድ የተወለደው ኢንዲያና ውስጥ ዳና በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከጦርነቱ በፊት በታችኛዎቹ ሊጎች ይወረውር ነበር። ያን ያህል ስም አላወጣም። ከዚያ የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ሆነ፤ የሚያበረው ፒ-38 የሚባለውን ባለ ሁለት ሞተር ነበር። ግንቦት 13 ቀን 1936 እንግሊዝ ካለው ሰፈሩ ተነስቶ ወደ ጀርመን በረረ። የዚያን ዕለት ከሰዓት የጦር ሰፈሩ የቤዝቦል ቡድን ጨዋታ ነበረበት። ደርሼ እመለሳለሁ ብሎ ነው የሄደው። ሉድቪግስሉስት የምትባል ከተማ አካባቢ በፀረ አውሮፕላን ተመታ። መጀመሪያ እግሩን አገኙት። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ተከሰከሰ።

እዚህ ላይ አባቴ አላቋረጠኝም። ስለ ጦርነት ሲነሳ ቤታችን ውስጥ የሚያወራ የለም። እሱም አያወራም፣ እኛም አንጠይቀውም።

ቀጠልኩ። የአካባቢው ገበሬዎች ተናደው ሊገድሉት ከበቡት። ከተማቸው በቦምብ እየተደበደበ ነው፤ ንዴታቸው ይገባኛል። ያዳነው አንድ ሐኪም ነው። ላዲስላውስ ሎይድል ይባላል። ኦስትሪያዊ ነው፣ ግን የጀርመን አየር ኃይል ሐኪም ነበር። የጠላት ወገን ማለት ነው። ገበሬዎቹን አስቁሞ ከመካከላቸው አወጣውና ሆስፒታል አስገባው። ሼፐርድ ነፍሱን ሲያውቅ ቀኝ እግሩ የለም።

«የሐኪሙን ስም ድገሚልኝ» አለኝ አባቴ።

ደገምኩለት። «ሎይድል» ብሎ ለራሱ አለ። ከዚያ ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ። የዚያን ቀን ማታ ከዚህ አላለፍንም።

በማግስቱ እሱ ራሱ «እሺ፣ ከዚያስ?» ብሎ አስጀመረኝ። ሼፐርድ በእስረኞች ካምፕ ውስጥ ዶን ኤሪ የሚባል ካናዳዊ እስረኛ አገኘ። ሰውየው ካምፑ ውስጥ ከሚገኘው ነገር ሰው ሠራሽ እግር ሠራለት። ሼፐርድም እግሩን እንዳገኘ ኳስ መወርወር ጀመረ። አባቴ እዚህ ላይ ከመነዳሪ የተለጠፈበትን እግሩን አየት አደረገ። ምንም አላለም።

በ1937 አጋማሽ በእስረኛ ልውውጥ አገሩ ገባ። ዋሽንግተን ዋልተር ሪድ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የጦር ሚኒስትሩ ምክትል ሮበርት ፓተርሰን ቁስለኞችን ሊጠይቁ መጡ። ምን መሥራት ትፈልጋለህ አሉት። ቤዝቦል መጫወት አላቸው። ፓተርሰን ለዋሽንግተን ሴናተርስ ባለቤት ለክላርክ ግሪፊት ነገሩለት። በዚህ መንገድ ቡድኑ ውስጥ ገባ። የተቀጠረው ግን በአሰልጣኝነትና በልምምድ ላይ ለመቺዎች በመወርወር ነው። ለሌሎች ቁስለኞች አርአያ እንዲሆንም ታስቦ ነበር።

ያን ጊዜ የአሜሪካ ቤዝቦል ባዶ ቀርቶ እንደነበር ልብ በሉ። ከ500 በላይ የትልቁ ሊግ ተጫዋቾች ዘምተዋል። ሲንሲናቲ አንድ የ15 ዓመት ልጅ፣ ጆ ናክስሆልን አሰልፋለች። ሴንት ሉዊስ ደግሞ በዚያው 1937 ፒት ግሬይን አስፈርማለች። ግሬይ በስድስት ዓመቱ ቀኝ እጁን ያጣ ሰው ነው። ኳሷን በግራው ጓንት ይቀልባል፣ ጓንቱን ብብቱ ሥር ይወትፋል፣ ኳሷን በደረቱ ላይ አንከባሎ በዚያው እጁ መልሶ ይወረውራል። 77 ጨዋታ ተጫወተ። የዘመቱት ሲመለሱ እሱም ወደ ታችኛው ሊግ ወረደ። ስለ ግሬይ ለብቻው መጻፍ ይቻላል፤ አባቴ ግን «ወደ ልጁ ተመለሺ» አለኝ።

እሺ፣ ወደ ሐምሌ 28።

ዋሽንግተን በተከታታይ ቀናት በቀን ሁለት ሁለት ጨዋታ ስታደርግ ሰንብታ ወርዋሪዎቿ ዝለዋል። የዚያን ዕለት ሁለተኛው ጨዋታ ከቦስተን ሬድ ሶክስ ጋር ነው። ጨዋታው ዘጠኝ ዙር አለው፤ ዙሩን ኢኒንግ ይሉታል። በእያንዳንዱ ዙር ሦስት መቺዎችን ካላስወጣህ የተቃራኒው ቡድን መምታቱን አያቆምም። በአራተኛው ዙር ቦስተኖች ይመታሉ፣ ይሮጣሉ፣ ያገባሉ፤ መጨረሻ የለውም። አንድ ወርዋሪ ወጣ። ጆ ክሌሪ የሚባል ሌላ ገባ። አየርላንድ ኮርክ ከተማ የተወለደ ልጅ ነው፤ ለእሱም የመጀመሪያ ቀኑ ነበር። አንድ መቺ ብቻ አስወጥቶ 7 ነጥብ ተመዘገበበት። በዚያ ዙር ብቻ ቦስተን 12 ነጥብ አገባች።

ያኔ ነው አሰልጣኙ ወደ ሼፐርድ የዞረው። ሁለት መቺዎች ወጥተዋል፣ አንድ ይቀራል። ሯጭ ነጥብ ለማስቆጠር በሚያልፍባቸው ሦስት ማረፊያዎች ሁሉ ላይ የቦስተን ሯጮች ቆመዋል። ሼፐርድ ጆርጅ ሜትኮቪችን በሦስት ስትራይክ፣ ማለትም ኳሷን ሳያስመታው፣ አስወጣው። ዙሩ አለቀ።

እስከ መጨረሻውም ወረወረ። አምስት ዙርና ሲሶ። የተመቱበት ሦስት ብቻ፣ የተቆጠረበት አንድ ነጥብ ብቻ። ዋሽንግተን 15 ለ 4 ተሸነፈች፤ የተሸነፈችው ግን እሱ ከመግባቱ በፊት ነው።

አባቴ ቁጥሮቹን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ ስንት ጊዜ እንደሚወረውር ጠየቀኝ። በአንድ ዙር አሥርም አሥራ አምስትም ጊዜ ሊሆን ይችላል አልኩት። ጣቶቹን ማጠፍ ጀመረና ተወው። «ይሄን ሁሉ ጊዜ እዚያ እግር ላይ አርፏል» አለ።

ለእኔ ይህ ቁጥር ብቻ ነበር። እሱ ግን ተነስቶ አሳየኝ። ሰው ሠራሽ እግር መሬቱን አይነግርሽም አለኝ። ደህናው እግርሽ ጠጠር ሲረግጥ ሳታስቢው ራሱ ያስተካክላል። ይሄኛው ቁርጭምጭሚቱ አይታጠፍም፤ ተረከዙ ሲያርፍ ጉልበትሽ ወደ ፊት ይገፋል። ጉልበትሽን ካልያዝሽው ትወድቂያለሽ፣ አጥብቀሽ ከያዝሽው ደግሞ ውርወራሽ ይበላሻል። መካከሉን ማግኘት አለብሽ። እሱን ለማግኘት ደግሞ የምታገኚው የዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ ነው። ይህን ሲያሳየኝ ከመነዳሪው ሲሚንቶው ላይ ሲጥ ሲጥ ይል ነበር።

«ከዚያስ? ቀጣዩን ጨዋታ ከማን ጋር ነበር?»

የፈራሁት ጥያቄ ነው።

«ቀጣይ የለም አባዬ።»

«ታመመ?»

«አይ። አላስገቡትም።»

«ክሌሪስ?»

«እሱንም አላስገቡትም። የሁለቱም መጀመሪያና መጨረሻ ያው ቀን ነው።»

እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ክሌሪና ሼፐርድ በአንድ ዙር ውስጥ ተከታትለው ገቡ። አንዱ አልሆነለትም፣ ሌላው ተሳካለት። የተሰጣቸው መልስ ግን አንድ ነው። ክሌሪ ቢያንስ ለምን እንደሆነ ያውቃል።

የአሰልጣኙንም ጎን ልናገር። ዋሽንግተን በዚያ ዓመት ከዲትሮይት ጋር ለዋንጫው አንገት ለአንገት ተያይዛ ነበር። አንድ እግር ያለውን ወርዋሪ በእንዲህ ያለ ሰዓት ማሰለፍ ያስፈራል። ባላጋራ ኳሷን በዝግታ እግሩ ሥር እያነጠረ ሊያስቸግረው ይችላል። ይሄ ሁሉ ይገባኛል። ግን ቡድኑ ዋንጫውን ያጣው በአንድ ጨዋታ ተኩል ልዩነት ነው። አምስት ዙር ወርውሮ አንድ ነጥብ ብቻ የተቆጠረበትን ሰው ወንበር ላይ አስቀምጠው ማለት ነው። አይዋጥልኝም።

ነሐሴ 25 ቀን ሜዳው መሀል ጠሩት። በሁለት ጨዋታዎች መካከል ባለው እረፍት ለአብራሪዎች የሚሰጠውን የጀግንነት ሜዳይ ደረቱ ላይ አደረጉለት። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከዚያ ሁለተኛው ጨዋታ ተጀመረ፤ እሱ አልነበረበትም።

ይህን ሳነብ ድምፄ ተቀየረ መሰለኝ፣ አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ሁለታችንም ያው 1994 ትዝ ብሎናል።

ስምንት ዓመቴ ነበር። የመስቀል ሰሞን ነው። ታቦር ተራራ ግርጌ የሰፈር ቡድኖች ይጋጠማሉ። አባቴ ያኔ ውሃ ያቀብላል፣ ልጆቹን ያሟሙቃል፣ ኳሷን ይነፋል። የእኛ ሰፈር 4 ለ 0 እየተመራ ነው። አንዱ በቀይ ወጥቷል፣ ሁለቱ ተጎድተዋል፣ ወንበሩ ላይ ተቀያሪ የለም። አሰልጣኙ ግራ ቀኝ አየ። አባቴ ሳይጠየቅ ማሊያ አጠለቀ። የቀረው እግሩ ላይ ሁለት ካልሲ ደረበ። ታኬታው ለሰው ሠራሹ ስለማይሆን ሸራ ጫማ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ አሰረው። እኔና እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነበር። እናቴ እጄን አጥብቃ ስትይዘኝ ያመመኝን አስታውሳለሁ።

ሃያ ሁለት ደቂቃ ተጫወተ። ደቂቃውን የሚያውቀው እሱ ነው። ኳስ እግሩ ሥር አታድርም፤ በአንድ ንክኪ ይለቃታል። ከዚያ የማዕዘን ምት አገኘን። ተንደርድሮ አልመታም፤ አንድ እርምጃ ብቻ ነው የወሰደው። ሸራ ጫማዋ ተተከለች፣ ግራው ተወነጨፈ። ኳሷ ጎሉ ፊት ላይ ታጥፋ ወረደች፣ አንዱ ልጅ በጭንቅላቱ አገባት። 4 ለ 1። ሜዳው ተናወጠ። እልልታው፣ ፉጨቱ፣ የተቃራኒው ደጋፊ ሁሉ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። ከሜዳ ሲወጣ ተሸክመውት ወጡ።

በሳምንቱ ቦርሳውን ይዞ ሄደ። ሁለቱ ካልሲዎች ታጥበው፣ ተጣጥፈው ገብተዋል። አሰልጣኙ አበባ ሰጠው። «ጨዋታውን አንተ አስጀምርልን» አለው። አባቴ መሀል ሜዳ ገብቶ ኳሷን አንድ ጊዜ ነካት። ተጨበጨበ። ከዚያ የክብር ወንበር ላይ አስቀመጡት። በቀጣዩ ሳምንትም እንደዚያው። በሦስተኛው አልሄደም። ካልሲዎቹ እንደተጣጠፉ ቁም ሣጥን ውስጥ ብዙ ዓመት ቆዩ።

ስለዚያ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያወራልኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ። «ጭብጨባ አልጎደለብኝም» አለኝ። «ኳስ ነው የጎደለብኝ።»

ሼፐርድ ግን አልተወም። በታችኛዎቹ ሊጎች አሰልጣኝም ተጫዋችም ሆኖ ለዓመታት ቀጠለ። እግሩ እንደገና ቀዶ ሕክምና አስፈልጎት ብዙ ተሰቃይቷል። በኋላ እግራቸውና እጃቸው የተቆረጠ ሰዎች በሚወዳደሩበት የጎልፍ ሻምፒዮና ሁለት ጊዜ አሸንፏል። በ1985 ደግሞ ኦስትሪያ ሄዶ ዶክተር ሎይድልን አገኛቸው፤ ወደ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነበር። በ2000 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ አረፈ። የሐኪሙን ነገር ስነግረው አባቴ «አገኘው?» አለ። «አገኘው» አልኩት። «እሰይ» አለ። «እሰይ።»

ያለቀ መስሎኝ ስልኩን ላጠፋ ስል አስቆመኝ።

«የዚያ ዓመት ውድድር መቼ ነው ያለቀው?»

«ለዋሽንግተን መስከረም 13።»

«ደመራ ሦስት ቀን ሲቀረው» አለ። ከዚያ በጣቶቹ ይቆጥር ጀመር። ከሐምሌ ሁለት። ነሐሴ ሠላሳ። ጳጉሜን አምስት። መስከረም አሥራ ሦስት።

«ሃምሳ ቀን» አለ። «ሃምሳ ቀን ቀርቶት ነበር።»

ትንሽ ዝም ብሎ ቆየ። ዝናቡ አባርቷል፤ ከሐይቁ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ይመጣል። ከቅርጫቱ አንድ ሎሚ አነሳና ወደ ግቢ ወጣ። እኔም ተከተልኩት። በራፉ ላይ ባለው መብራት ሥር ቆመ። ሎሚውን በግራ እጁ ውስጥ አገላበጠው፣ ጨመቅ አደረገው። ግራውን ወደ ኋላ ሳበ፣ ቀኙን ወደ ፊት ጣለ። ከመነዳሪው እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቸፍ ብሎ አረፈ። ጉልበቱ ትንሽ ወደ ፊት ሄደና ቆመ። ሎሚው የቆርቆሮውን በር «ጓ» አደረገው። የጎረቤት ውሻ ጮኸ።

እናቴ ከውስጥ «ምንድን ነው?» ትላለች። አባቴ አልመለሰላትም። ዓይኑን ከበሩ ላይ ሳያነሳ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።

«ሌላ አምጪልኝ።»